የዓባይን ብረት በጠራ ውሃ አትፈልጉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የወጣው ጽሑፍ፣ ዓባይ ከባድ ብረታት መያዝ አለመያዙን ለማወቅ በበጋ ከባሕር ዳር ድልድይ ሥር ውሃ ቀድቶ ማስመርመር እንደሚበቃ ያትታል። አይበቃም።

ልጅ ሳለሁ ክረምት ሲገባ እናቴ ከጨሞጋ ወንዝ የተቀዳውን ውሃ በጋን አሳድራ፣ ከላይ ከላዩን እየጨለፈች ታጠጣን ነበር። ከሥር የቀረውን ቀይ ዝቃጭ ጓሮ ትደፋዋለች። ብረታቱ በብዛት ያሉት እዚያ ዝቃጭ ውስጥ ነው። መዳብ፣ ኒኬልና ክሮሚየም በወንዝ ሲጓዙ ጥቂቱ ብቻ ይሟሟል፤ የቀረው በደለሉ ማዕድን ውስጥ ተቆልፎ፣ ወይም ደለሉን በለበጠው የብረትና የማንጋኒዝ ዝገት ላይ ተለጥፎ ይሄዳል። ጊብስ የተባለ ተመራማሪ በአማዞንና በዩኮን ወንዞች ይህንኑ አይቶ በ1973 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ላቦራቶሪ ግን «የሟሟ» የሚለው 0.45 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ማጣሪያ ያለፈውን ነው። ደለሉ ማጣሪያው ላይ ይቀርና አብሮ ይጣላል። እናቴም ከዚህ የተለየ አላደረገችም።

ቦታውም አይሆንም። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ጠርጎ የሚያመጣውን ደለል አብዛኛውን ጣና ያስቀረዋል። ከሐይቁ በታች ዓባይን የሚያደፈርሱት ከእኛ ከጎጃም በኩል ሱሃ፣ ጨሞጋና ብር፣ ከማዶ በሽሎና ጀማ ናቸው። ያውም እርሻው ታርሶ ራቁቱን ባለበት በሰኔና በሐምሌ ጎርፍ።

ፋብሪካና ጋራዥን ነፃ ላወጣ አይደለም። የጎጃም ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል አለው፤ አብዛኛው ግን ማዕድኑ ውስጥ ስለታሰረ በቀላሉ አይለቅም። ከቆዳ ማልፊያ የወጣ ክሮሚየምና ከተጣለ ባትሪ የታጠበ እርሳስ ደለሉን ከላይ ይይዙታል፤ የውሃው ጠባይ ሲለወጥ ቶሎ የሚለቁትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ጠቅላላውን መጠን ብቻ ለክቶ «ይህን ያህል ተገኘ» ማለት ጥፋተኛውን ከዓለቱ አይለይም።

አሁን ደግሞ ይህ ሁሉ ጭቃ ማረፊያ አግኝቷል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የሕዳሴ ግድብ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀምሯል። ደለል ኦክስጅን ባጣ ጥልቅ ውሃ ሥር ሲቀመጥ ያ የለበጠው ዝገት ይሟሟል፣ የተሸከመውንም ይለቃል። ከግድቡ ሐይቅ ወለል የሚቆፈር ዝቃጭ ካልተመረመረ ይህን ማንም አያይም።

ናሙናው በሐምሌ፣ ከነጭቃው፣ ከደጀን በታች ካለው ድልድይና ከዚያም ወዲያ ይቀዳ። ሰው ከጠፋ ተማሪዎቼን ይዤ ዓባይ በረሃ እወርዳለሁ፤ በአሲድ የታጠበ ጠርሙስ ብቻ ላኩልን።

አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣
ደብረ ማርቆስ