ታናሽ ወንድምህ የጠየቀኝ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ውድ ወዳጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ደብዳቤ ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ በጣም ናፍቀኸኛል። እናትህ ደህና ናቸው፤ ስምህን ሳያነሱ አይውሉም።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ የታናሽ ወንድምህ ጉዳይ ነው። ሲ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ጀምሯል። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ላፕቶፑን ይዞ ከመጋላ ደቻቱን ተሻግሮ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሌሎች ጀማሪዎች በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ የሚገባውን የኢንክሉድን (#include) መስመር በልማድ ጽፈው ሲያልፉ፣ እርሱ «ይህ መስመር ምን ይሠራል?» ብሎ ያዘኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ማብራሪያ ከማብዛት ጂሲሲን፣ ማለትም የሲን ጽሑፍ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን ኮምፓይለር፣ ጽሑፉን አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ፕሪፕሮሰሰር ላይ እንዲቆም አዝዤ ውጤቱን አሳየሁት። ጥቂት መስመር የነበረችው ፕሮግራም በመቶዎች የሚቆጠር መስመር ሆና ወጣች። ነገሩ ያን ጊዜ ገባው፦ ፕሪፕሮሰሰሩ የሲን ሰዋስው አይመረምርም፤ የተጠራውን ፋይል ከፍቶ ጽሑፉን በዚያች መስመር ቦታ ያስገባል። ኮምፓይለሩ የሚያነበው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የሲ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ ይህን ዘዴ እንደ ፈረንጆቹ በ1972 ወይም 1973 አካባቢ ወደ ሲ ሲያስገባ ቢሲፒኤልና ፒኤል ዋን የተባሉት ቋንቋዎች ቀድመውት እንደነበር ነገርኩት፤ ይህንንም በደብተሩ ጻፈው።

እኔ ጀማሪ ሁሉ ያን የተዘረጋ ጽሑፍ በዓይኑ ማየት አለበት ባይ ነኝ። ወንድምህ ስላየው አንድ ስትራክት (የዳታ ስብስብ ዓይነት) የያዘ ሄደር ፋይል (በኢንክሉድ የሚጠራ ፋይል) በሁለት መንገድ ገብቶ ኮምፓይለሩ «ድጋሚ ተበይኗል» ሲለው አልደነገጠም፤ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ መግባቱን ወዲያው አወቀ። ጽሑፉ ዳግም እንዳይገባ ፋይሉን በኢፍንዴፍ፣ በዲፋይንና በኤንድኢፍ ትእዛዞች አጠርነው። ለዚሁ ሥራ የሚያገለግለው ፕራግማ ዋንስ አጭር ነው፤ አብዛኞቹ ኮምፓይለሮችም ይቀበሉታል፤ ነገር ግን በሲ ስታንዳርድ ውስጥ ስለሌለ መጀመሪያ የቀድሞውን ይልመድ። በጥቅስ ምልክት የተጻፈ ስም በጂሲሲ መጀመሪያ ጠሪው ፋይል ባለበት ማውጫ፣ በማዕዘን ቅንፍ የተጻፈው ደግሞ በሲስተሙ ማውጫዎች እንደሚፈለግ በቀላሉ ያዘው።

አሁን ከባዱ ላይ ደርሷል። የአንድ ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የትእዛዞች ስብስብ) ሙሉ አካል ሄደር ውስጥ ጻፈ፤ አጥሩ እያለ፣ ኮምፓይል የተደረጉትን ፋይሎች የሚያገናኘው ሊንከር ፈንክሽኑ «ሁለት ቦታ አለ» አለው። አጥሩ የሚሠራው እያንዳንዱ የሲ ፋይል ለየብቻው ኮምፓይል ሲደረግ ስለሆነ፣ አካሉ ሄደሩን በጠሩት በሁለቱም ፋይሎች ውስጥ ገብቷል። ሄደሩ ውስጥ ያለ አካሉ መግለጫው ብቻ መኖር እንዳለበት አንተ ታውቃለህ።

ቅዳሜ ይደውልልሃል። እባክህ መልሱን አትንገረው፤ የሁለቱን ፋይሎች የፕሪፕሮሰሰር ውጤት ጎን ለጎን ከፍቶ ያንን ፈንክሽን እንዲፈልግ ብቻ እዘዘው። ከእኔ ይልቅ አንተን ይሰማል።

ወዳጅህ