ክረምቱን ጦሙን የሚያድር የድንች ማሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በሆለታ፣ በመናገሻና በሱሉልታ ዙሪያ በመስኖ ድንችና ካሮት የሚያለማ ገበሬ የአረም ጉልበት ያስመርረዋል። ማሳው ክረምቱን ጦሙን ሲያድር ደግሞ ሙጃና መጭ የተባሉት አረሞች እንደልባቸው ዘር ያራግፉበታል። ለከብት መኖ የምናውቀው ቬች የተባለው ሐረግ መሰል ተክል ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል።

በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ፣ በለሰለሰ መሬት ላይ በሄክታር 30 ኪሎ ገደማ ይዘራ፤ ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 7 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ቬች አጀማመሩ ዘገምተኛ ነውና በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት አንዴ በእጅ ካልታረመ ሙጃው ይቀድመዋል። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። መሬቱን ከሸፈነ በኋላ ግን አረሙ ብርሃን ያጣል። ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ቦይ ሳያወጡ መዝራት ዘር ማባከን ነው።

አበባ ሲጀምር ይታጨድ። ፍሬ ከያዘ ዘሩ ረግፎ፣ ሽፋኑም ጠንካራ ስለሆነ፣ ለዓመታት እየበቀለ ራሱ አረም ይሆናል። ለድንች ከተከላው 3 ሳምንት በፊት ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። ለካሮት ግን ያልበሰበሰ ግንድ ሥሩን መንታ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የላዩን ለከብት ሰጥቶ ሥሩን ብቻ መገልበጥ ይሻላል። ከድንቹ ጋር አብሮ መዝራት አይመከርም፤ ተጠምጥሞ ያፍነዋል።

እንግጫ የተባለውን አረም የቬች ጥላ ያዳክመዋል እንጂ አይገድለውም፤ በበጋ ደጋግሞ አርሶ ሥሩን ለፀሐይ ማስጣት ያስፈልጋል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የቬች ዘር ለከብት አርቢ ብቻ ሳይሆን ለአትክልት አምራቹም እንዲደርስ ቢያደርጉ እንላለን።