አንዱ ሲታመም ቤተሰቡ በሙሉ ይታይ፦ ከጅማ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ለናንተ ይሁን የጅማ ልጆች፣ አገር ቤት ያላችሁም ባሕር ማዶ ያላችሁም።

ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ነው። ለምን እንደሆነ ግን አስቀድመን እንንገራችሁ።

ግላኮማ የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የዓይን ግፊት መጨመር አብሮት ይኖራል፤ ግፊቱ ደህና ሆኖ ነርቩ የሚጎዳበት ሰውም አለ። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ዓይንም አያቀላም። እይታን የሚወስደው ከዳር ጀምሮ ነው። ቡና የምታፈላ እናት አንድ ጠብታ ሳታፈስ ትቀዳለች፤ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ያለውን ሲኒ ግን በክንዷ ገፍታ ትጥለዋለች። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከጎን የመጣ ባጃጅ ሊገጫት ሲል ነው ሁሉም የሚደነግጠው። ሞራ የሸፈነው ዓይን በቀዶ ሕክምና ሊበራ ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም። ሕክምናው የቀረውን ለማቆየት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት 5.2 በመቶው በግላኮማ የመጣ ነበር።

በሽታው በቤተሰብ ይሄዳል። እናቱ፣ አባቱ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው ከሌላው በብዙ እጥፍ የበለጠ ተጋላጭ ነው። እኛ ጋ ግን አንድ ሰው ሲታመም የሚታከመው እሱ ብቻ ነው። ወንድሞቹን «እናንተም ታዩ» የሚላቸው የለም።

ስለ በሽታው ዘረመል፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፈው ነገር፣ በዓለም ላይ የተሠራው ጥናት በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። በሽታው የሚበረታው ግን የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ላይ ነው፤ ቀድሞ ይጀምራል፣ ቶሎም ያሳውራል። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸውን ከ11,000 በላይ ሰዎች መርምረው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2024 ሴል በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። ከበሽታው ጋር የተያያዙ አዳዲስ የዘረመል ለውጦችም አግኝተዋል። ትልቅ ሥራ ነው። ይሁንና ከተመረመሩት ብዙዎቹ አፍሪካ አሜሪካውያን ናቸው፤ የእነሱ የዘር ግንድ ደግሞ በብዛት ከምዕራብ አፍሪካ የሚመዘዝ ነው። የኛ ሰው ከዚያ ይለያል። እዚያ የተገኘው እዚህ መሥራቱ የሚታወቀው የኛም ሰው ሲጠና ነው።

እናም እድሮቻችን ተነጋግረው አንድ ቀን ለማዘጋጀት ተስማምተናል። የግላኮማን ዘረመል የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሥራቸውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሕዝብ ያስረዳሉ፤ የታካሚ ቤተሰቦች በዚያው ይመረመራሉ። ከ40 ዓመት በላይ የሆኑት ይቀድማሉ። ችግር የተገኘበት ሰው ለቀጣይ ሕክምና ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይላካል። ለባለሙያዎቹ የዘረመል ጥናት ደም ወይም ምራቅ መስጠት የየሰው ፈቃድ ነው። ያልፈለገ ሰው ምርመራው አይከለከልም። ይሄን ከመጀመሪያው ጠበቅ አድርገን ነው የያዝነው።

ገንዘቡ የሚውለው ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከሰርቦና ከአጋሮ ለሚመጡት ትራንስፖርትና ምሳ፣ የዓይን ግፊት መለኪያ መሣሪያ ለመግዛት፣ አቅም ለሌላቸውም ለመጀመሪያዎቹ ወራት የዓይን ጠብታ ነው። እኔ ብጠየቅ ትራንስፖርቱን አስቀድማለሁ፤ ሰው ካልመጣ መሣሪያው ብቻውን ምን ይሠራል? ጠብታውም ቀላል ነገር አይደለም። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አባት ግማሹን ጉንጫቸው ላይ አፍስሰው ብልቃጡ ወሩ ሳያልቅ ያልቅባቸዋል። ልዩነት ስለማያዩም «ምንም አልለወጠኝ» ብለው ይተዉታል። ስለዚህ አጨማመሩን ለቤተሰብ የሚያሳዩ ነርሶችም ይኖራሉ።

50 ብርም ሆነ 5,000 ብር፣ የቻላችሁትን ለእድራችሁ ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ውጭ ያላችሁ በቤተሰባችሁ በኩል ላኩ። ገቢና ወጪው በየወሩ በእድር ስብሰባ ላይ ይነበባል። በጀመዓም፣ በጽዋ ማኅበርም አንሱልን።

ግላኮማ ያለባችሁ ደግሞ የወንድም እህቶቻችሁንና የልጆቻችሁን ስም ለእድራችሁ ጸሐፊ አስመዝግቡ። መኪና የምንመድበው በዚያ ዝርዝር ነው።