ለቡድናችን አባላት፦ ስለ አሳታፊ ትምህርት

ውድ አባላት፣

በሚቀጥለው ስብሰባችን የምንወያየው ስለ አሳታፊ ትምህርት ነው፤ ይኸውም ተማሪዎች ከመስማት ባለፈ እየተወያዩና ጥያቄ እየሠሩ የሚማሩበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ምርምር 225 ጥናቶችን አጠቃሎ ነበር። በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርት ሌክቸር ብቻ የሚሰሙ ተማሪዎች የመውደቅ ዕድላቸው በተሳትፎ ከሚማሩት 1.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ከሃርቫርድ የወጣው የፊዚክስ ክፍል ጥናት ነው። በተሳትፎ የተማሩት በፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ። እነሱ ግን ትንሽ የተማሩ መስሏቸው ነበር! ጭንቅላት ሲለፋ ያልገባን ይመስለናል። ስለዚህ ተማሪ ስላጉረመረመ ብቻ ቶሎ ወደ ሌክቸር አንመለስ። ለምን እንዲህ እንደምናስተምር ገና በመጀመሪያው ሳምንት እንንገራቸው።

እስቲ እያንዳንዳችሁ ክፍል ውስጥ የሞከራችሁትን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ። ያልተሳካም ቢሆን ይምጣ። ተማሪዎቹ ምን እንዳሉም ጻፉልን።