ምድጃችንን ያፈረሱበትን ሕግ ያሳዩን

ለተከበሩ ኃላፊ፣
ጅማ

ስምዎንም የቢሮዎንም ስም እዚህ አልጽፍም። ለእርስዎ እንደተጻፈ ያውቁታል። ማመልከቻችን እጅዎ ላይ አለ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አጽፈን፣ የግቢያችን ሴቶች በሙሉ ፈርመንበት፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ገብቷል። ከዚያ በኋላ የሰማነው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ነው። ሰኞ ስንመጣ ሐሙስ ኑ እንባላለን። ሐሙስ የገበያ ቀን መሆኑን የጅማ ሰው አያጣውም፤ ለእኛ ለሴቶች የማይመች ቀን ነው። እሱንም ትተን መጣን፣ አላገኘንዎትም። ስለዚህ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገደድኩ።

ጉዳዩ አጭር ነው። በጋራ ማድቤታችን ውስጥ በራሳችን ገንዘብ ያሠራነውን ከፍ ያለ ምድጃ ሠራተኞችዎ አፍርሰውታል። እናቴም ጎረቤቶቼም እንደገና መሬት ላይ ተጎንብሰው ይጋግራሉ።

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ አብሮ የገባ ነው። ማድቤቱም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለው ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ አፈር። በሩ ዝቅ ስላለ ጎንበስ ብለን እንገባለን። ከገባን በኋላም ቀና የምንልበት ሥራ የለም፤ ሁሉም ሥራ መሬት ላይ ነው።

እንጀራ ሲጋገር ያላየ ሰው ጅማ ውስጥ የለም። ግን ማየትና ልብ ማለት ይለያያል፣ ስለዚህ ልንገርዎ። ምጣዱ ወርዱ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ጉልቻ ላይ ይጣዳል። ጋጋሪዋ አጠገቡ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ጉልበቷ ደረቷን ሊነካ ይደርሳል። ሊጡን ቀድታ ከዳር ጀምራ ወደ መሃል እያዞረች ስታፈስ፣ ክንዷ እስከ ማዶው ጠርዝ ይዘረጋል፣ ወገቧ ታጥፎ ፊቷ እሳቱ ላይ ይመጣል። አክንባሎውን ትደፋለች። እስኪበስል ወደ ጎን ተጠምዝዛ እንጨት ትቆሰቁሳለች፣ እርጥብ ከሆነ ደግሞ አጎንብሳ እፍ ትላለች፤ በጅማ ዝናብ ደረቅ እንጨት የሚገኝበት ወር ጥቂት ነው። አክንባሎውን ታነሳለች፣ ሰፌዱን ታስገባለች፣ እንጀራውን ታወጣለች፣ ምጣዱን በጎመን ዘር ታስሳለች፣ ከዚያ እንደገና ሊጥ። ቤተሰቡ ብዙ ከሆነ ይህ በአንድ ጋገራ 30 እና 40 ጊዜ ይደጋገማል። በመሃል ተነስቶ ወገብን ማፍታታት የለም፤ እሳቱ ያልፋል፣ ምጣዱ ይበርዳል።

ከዚያ መነሳቱ አለ። እናቴ ጋግራ ስትጨርስ ወዲያው አትነሳም። ግድግዳውን ትይዛለች፣ አንዱን ጉልበቷን መሬት ታስነካለች፣ ቆይታ ሌላውን ታነሳለች። ከተነሳችም በኋላ ወገቧ እስኪላቀቅ ጎብጣ ነው የምትራመደው። ሐኪም ቤት ወስደናታል። ማጎንበስ አቁሚ፣ ከባድ ነገር አታንሺ ተባለች። የታዘዘላትን እንድትፈጽም ብለን ነው ምድጃውን ያሠራነው።

ሥራው እንጀራ ብቻም አይደለም። ሽንኩርት የሚከተፈው መሬት ላይ ነው። ዕቃ የሚታጠበው ሳፋ ፊት ቁጢጥ ተብሎ ነው። በርበሬ የሚወቀጥበት ሰሞን ትከሻ ለሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዝ ያድራል። ውሃ ከቦኖ የምንቀዳው በጀሪካን ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ፣ ባለ 25ቱ 25 ኪሎ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም፣ ናዮሽ የሚባለው፣ በእጅ ለሚነሳ ዕቃ ያስቀመጠው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። እሱም ሁሉ ነገር ሲመች ነው፤ ዕቃው ለሰውነት ቀርቦ፣ መያዣው ጥሩ ሆኖ፣ ሳይጠመዘዙ፣ ከወገብ አካባቢ ከፍታ ሲነሳ። የእኛ ጀሪካን የሚነሳው ከመሬት ነው። የምታነሳውም ብዙ ጊዜ ሴት ናት፣ አንዳንዴም ገና ልጅ።

ስለ ማድቤት ስብሰባ ሲደረግ ሁልጊዜ የሚነሳው ጭስ ነው። መነሳቱ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው ሞቷል። ግን ጭስ ቆጣቢ ምድጃ ሲታደል ምድጃው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይበል ብሎ የጠየቀ ባለሙያ እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም። ጭሱ ቀንሶም ወገብ ያው እንደታጠፈ ነው።

እኛ ያሠራነው ይህንን ለማስተካከል ነው። በብሎኬትና በሲሚንቶ መደብ፣ መደቡ ላይ «ምርጥ» የሚባለው እንጨት ቆጣቢ ምድጃ፣ ጎኑ ላይ ሽንኩርት መክተፊያና ዕቃ ማስቀመጫ። ገንዘቡ ከዕቁብ የወጣ ነው። ቁመቱን በግምት አላደረግነውም። የግቢውን ሴቶች ተራ በተራ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አድርገን ከመሬት እስከ ክርናቸው ለካን። በእጅ የሚሠራ ቀላል ሥራ ከክርን ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ሲሠራ ነው ወገብም ትከሻም የሚያርፈው፤ እንደ ማቡካት ያለ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ማለት አለበት። ምጣዱና ምድጃው የራሳቸው ከፍታ ስላላቸው ያንን ቀንሰን መደቡን አሠራን። በቁመት አጠር ላለችው ጎረቤታችን መቆሚያ ድንጋይ አስተካከልንላት። ግድግዳ አልጨመርንም፣ አጥር አልገፋንም፣ የጭስ ማውጫውንም ድሮ በነበረው ቀዳዳ ነው ያሳለፍነው። ፈቃድም ጠይቀን ነበር። መልስ ስናጣ ሠራን።

ምድጃው በቆመበት ጊዜ ያየነውን ልንገርዎ። እናቴ ጋግራ ስትጨርስ ግድግዳ ሳትይዝ ወጣች። ጎረቤታችን ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ እየገፋ ሲሄድ መሬት ላይ መቀመጥ አቅቷት እንጀራ በግዢ ልታደርገው ነበር፣ ቆማ መጋገር ቀጠለች። ወንድሜ ደግሞ ከዚያ በፊት ማድቤት ገብቶ አያውቅም፤ ቆሞ የሚሠራ ሲሆን ልሞክር ብሎ ገባ፣ የመጀመሪያዎቹ ተበላሹበት፣ ኋላ ግን ዓይን ያለው እንጀራ አወጣ። ሥራው ዝቅ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ ብቻ ለሴት የተተወ መሆኑን ያኔ ነው የገባኝ።

ሠራተኞችዎ የመጡት ጠዋት ነው። እናቴ ምጣዱ ላይ ነበረች፣ ሊጡ ገና ግማሽ አልደረሰም። ልጨርስና አንሱት አለቻቸው። አልሰሟትም። ሕገወጥ ግንባታ ነው አሉና በመዶሻ ጀመሩ። ምጣዱ ወድቆ ተሰነጠቀ። አዲስ ምጣድ ገዝቶ፣ አሟሽቶ፣ እንጀራ ሳይዝ እስኪያወጣ ድረስ ያለውን ልፋት ቤትዎ ያሉትን ሴቶች ይጠይቁ። ብሎኬቱን በጋሪ ጭነው ወሰዱት። የምንፈርምበትም የምናነበውም ወረቀት አልሰጡንም። የቀረውን ሊጥ እናቴ በጎረቤት ምጣድ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ጋገረችው።

ቢሮዎ መጥተን ስንጠይቅ አንድ ባለሙያ የመለሰልን አሁንም ይከነክነኛል። «እናቶቻችን በጉልቻ ጋግረው አይደል እንዴ ያሳደጉን?» አለን።

አዎ፣ በጉልቻ ጋግረው ነው ያሳደጉን። እነዚያን እናቶች ዛሬ ይዩዋቸው። ቆመው ማስቀደስ ያቃታቸው እነሱ ናቸው። ለሶላት ወንበር የሚያስፈልጋቸው፣ ሱጁድ መውረድ የማይችሉት እነሱ ናቸው። እርጅና ነው እንላለን። እርጅናማ አባቶቻችንም አርጅተዋል። ልዩነቱ እድሜ ልካቸውን የታጠፉት እነሱ መሆናቸው ነው።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ናኬምሰን የተባለ ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰው የአከርካሪ ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብቶ ጫናውን ለክቷል። ቀጥ ብሎ ከመቆም ይልቅ ተቀምጦ ወደ ፊት ማጎንበስ የታችኛውን ወገብ ዲስክ አብዝቶ እንደሚጫን አሳይቷል። እንጀራ የሚጋገረው በትክክል በዚህ አቀማመጥ ነው። የጅማ በርጩማ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው፣ ቡና ለመጠጣት አረፍ ሲሉበት ይመቻል። ሁለት ሰዓት ሙሉ እሳት ዳር ተጎንብሶ ለመሥራት ግን አይሆንም።

የማድቤት ከፍታ የመንግሥት ሥራ አይደለም የሚሉ ከሆነ ደግሞ፣ የጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1926 ለምታሠራቸው የኪራይ ቤቶች ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የተባለች አርክቴክት ማድቤት እንድትነድፍ አድርጋለች። ሴቷ ስንት እርምጃ እንደምትራመድ፣ የት ተቀምጣ እንደምትከትፍ ታስቦ የተነደፈ ነው፤ 10,000 ያህል ቤቶች ውስጥ ተገጥሟል። ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ ነው። የእኛ የጋራ ማድቤት ከዚያ ይሰፋል። ቦታ ጠቦን አይደለም፣ የሚያስብልን አጥተን ነው። ያ ከሆነ ወደ 100 ዓመት እየሆነው ነው።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እዚህ ከተማ መጋዘን ውስጥ ቡና የምትለቅም ሴት አሠሪዋ ጤንነቷንና ደኅንነቷን እንዲጠብቅ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገደዳል። ያችው ሴት ማታ የቀበሌ ቤቷ ገብታ ምጣድ ስትጥድ ማንም አይገደድላትም። ግን ማድቤቱ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም እናንተ ናችሁ። ኪራይ የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ያከራየውን ነገር ለአገልግሎት እንዲበቃ አድርጎ የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። ጠግኑልን ስንል በጀት የለም፣ እንጠግን ስንል ፈቃድ ጠይቁ፣ ፈቃድ ስንጠይቅ ሰኞ ኑ፣ ስንሠራ መዶሻ። በየትኛው በር እንግባ?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዙ ያሉንም አሉ። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ምጣድ፣ ስንት ቤተሰብ በሚጋራው አንድ ቆጣሪ ላይ ይሰካ? ቢሰካስ መሬት ላይ ከተቀመጠ ወገብ ያው ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለማመልከቻችን የጽሑፍ መልስ ይስጡን። ምድጃ ከፍ ማድረግን የሚከለክል አንቀጽ ካለ ቁጥሩን ይጻፉልን፤ ከሌለ ፈቃዱን ይስጡንና የወሰዳችሁትን ብሎኬት መልሱልን፣ የተሰበረውንም ምጣድ ተኩልን። ለሌሎቹ የቀበሌ ቤቶችም እንዲሁ ይፈቀድ። ከተማችን ውስጥ ጤናም ምህንድስናም የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ተማሪዎቹም በየሰፈሩ ይወጣሉ። ቁመት መለካትና አንድ ቀላል ንድፍ ማውጣት አያቅታቸውም፣ ቢሮዎ ከጠየቃቸው።

ክረምቱ እየገባ ነው። ወለሉ ጭቃ ሳይሆን፣ ጎረቤታችንም ሳትወልድ መደቡ መቆም አለበት። መልስዎን እስከ ሰኔ መጨረሻ እንጠብቃለን። ካልመጣ ዕቁባችን በሐምሌ ሲወጣ ብሎኬት እንገዛለን፣ እዚያው ቦታ ላይ በዚያው ቁመት እንሠራዋለን። ሊያፈርስ የሚመጣ ሰው ካለ በስምዎ የተፈረመ ወረቀት ይዞ ይምጣ።

ከግቢው ሴቶች አንዷ
ጅማ