አባባ፣ ስለ ሰዓቱ ነው

ይድረስ ለአባባ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን።

ይኸው በእርስዎ ደንብ ጀመርኩ። ድሮ ለአያታችን ደብዳቤ ሲያስጽፉኝ "መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ናፍቆት፣ ጉዳይ መጨረሻ ነው" ይሉኝ ነበር። እኔም ጉዳዩን ወደ መጨረሻ ልግፋው። በስልክማ ሞክሬ አልሆነልኝም። ገና "አባባ" ከማለቴ "ደህና ነን፣ ካርድህን አትጨርስ" ብለው ይዘጉታል።

ይህን የምታነብልዎት እህቴ መሆኗን አውቃለሁ። እቴቴ፣ በእናትሽ፣ እንዳለ አንብቢላቸው። ታች ስትደርሺ የሚያሳፍር ነገር አለ። እንዳትዘይው።

የዓይን ቀጠሮዎን ለሦስተኛ ጊዜ እንዳሳለፉት ሰማሁ። አንዴ ለቅሶ ነበር፣ አንዴ ዝናብ ነበር፣ የአሁኑ ደግሞ ምን ነበር? አባባ፣ የዓይን ሞራ እኮ ነው የተባለው። የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል፣ በቃ። ዓይኑ ብቻ ነው የሚደነዝዘው፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ በዚያው ቀን ቤትዎ ገብተው ቡናዎን ይጠጣሉ። ዋናው ስኳሩ ነው፤ እሱ አስቀድሞ መስተካከል አለበት። ኪኒኑን "ዛሬ ደህና ነኝ" እያሉ እንደሚዘሉት ደርሼበታለሁ። ማን እንደነገረኝ አይጠይቁኝ።

ውሃ በመጣ ሌሊትም አይነሱ። ሰኔ የመጣሁ ጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቧንቧው ፉጨት ቀስቅሶኝ ብወጣ፣ ጋቢዎን ለብሰው፣ ባትሪውን በጥርስዎ ነክሰው፣ ጀሪካን በጀሪካን ላይ እየደረደሩ አገኘሁዎት። የጎንደር ውሃ ሲመጣ ማንም አይተኛም፣ ይገባኛል። ግን የማያይ ዓይን፣ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ጨለማ። ለእቴቴ ልጆች ይተዉላቸው።

ሚጣ ማንበብ ጀምራለች። የታክሲ ታፔላ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ሰው ታስቃለች። ጥርሷም ወልቋል። ጣሪያ ላይ ወረወርነው። እንዳስተማሩን "ያንተን ለኔ፣ የኔን ላንተ" ብላ። ሌላ ምን አለ? ሥራ ደህና ነው። ጣሪያው ማፍሰስ ትቷል።

ትልቁ ልጅ ግን አጥፍቷል።

15 ዓመት ሞላው፣ ቁመቱ በልጦኛል፣ እቃ የሚባል ነገር ግን እጁ ላይ አይበረክትም። ከመስከረም ወዲህ መነጽር ጣለ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ ጣለ፣ ደግሞ አንድ እግር ጫማ። አንድ እግር ብቻ! እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በመጨረሻ ስልኩን። 28 ሺህ ብር። የገዛሁበትን እቁብ እንኳ ገና ከፍዬ አልጨረስኩም። ሜዳ ላይ ጃኬቱን ጠቅልሎ ጎል አደረገው፣ ስልኩን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ሲመሽ እየዘፈነ ቤቱ ገባ። ተመልሰን ስንሄድ ጃኬቱ እንደ ተጠቀለለ አለ። ስልኩ የለም። ጎሉ ቆሟል ማለት ነው።

ባለቤቴ ያው ነርስ አይደለች፣ "በዚህ ዕድሜ ነገን የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል ገና አልበሰለም፣ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ይቆያል" አለችኝ። እርስዎ ቢሰሙ "እኛ በ15 ዓመታችን በሬ ጠምደን አርሰናል" እንደሚሉ ነግሬያታለሁ። "በሬ ኪስ ውስጥ አይገባም" አለች። እሷ የምትለው፣ ስልክ አይገዛለትም፣ አይሰደብም፣ ግማሹን ሠርቶ ይክፈል ነው። እኔ ምንም አላልኩም።

ችግሩ እሱ ነው፣ አባባ። ምንም አላልኩም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። በአራተኛው ቀን ራት ላይ ለእናቱ "ልጅሽ በልቷል?" አልኳት። ልጁ እዚያው፣ ክርኑ ክርኔን እየነካ ተቀምጦ ነበር። ሚጣ ቀና ብላ አየችኝና "አባዬ፣ እሱ'ኮ እዚህ ነው" አለችኝ። የያዝኩትን እንጀራ መዋጥ አቃተኝ። ቃሉ የኔ አልነበረም። የማን እንደሆነ ያውቁታል።

ጥር 1985። ከተራ ዕለት ሴኮ 5 ሰዓትዎን ከእጅዎ ፈትተው እኔ እጅ ላይ አሰሩልኝ። "ሰዓት ስለሌለኝ ነው ብለህ እንዳታመሽ።" አስመራ ሲያስተምሩ የገዙት፣ በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚሞላው፣ ሁለት ቀን ሳይታሰር ከዋለ የሚቆመው። ማሰሪያው ሰፍቶኝ ወደ ክርኔ ይንሸራተት ነበር። በማግስቱ ከፋሲል መዋኛ ውሃ እየተንጠባጠበልኝ ገባሁና "ስዘል ውሃው ውስጥ ወደቀ" አልኩ። እርስዎ "እሺ" አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ለእኔ ቃል አልተነፈሱም።

ሦስት ወር! ሁዳዴን ሙሉ። እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መሀል ላይ እንደ ፖስተኛ ትመላለስ ነበር። "ልጅሽ በልቷል? ልጅሽ ደብተር አለው?" ጎረቤታችን ያ ልጅ በአለንጋ ሲገረፍ ድምፁን እየሰማሁ እቀናበት ነበር፣ ቢያንስ እሱን አባቱ ያየዋል። በመጨረሻ የፋሲካ ዋዜማ ቢላዋ ይዘው ወጡና "እግሩን ያዝ" አሉኝ። ዶሮውን ነው። ከሦስት ወር በኋላ የሰማሁት ቃል እሱ ነው። ስለ ሰዓቱም ከዚያ ወዲያ ተነሥቶ አያውቅም። ተቀይሜዎት ነበር። አሁን 48 ዓመቴ ነው፣ ትንሽ ቅሬታ ዛሬም አለ። ያስተማሩኝ፣ ያበሉኝ፣ ለዩኒቨርሲቲ ስሄድ ብርድ ልብስዎን የሰጡኝ አንድም አልጠፋብኝም። ግን ሲያስቀይም ያስቀይማል።

አሁን ጉዳዩ።

ሰዓቱ ውሃ ውስጥ አልወደቀም። በከተራ ሌሊት፣ ታቦቶቹ እዚያ ባደሩበት፣ ሰው ሲያሸበሽብና ሲዘምር፣ እኔ ከግንቡ ጀርባ በሻማ ካርታ ስጫወት ነበር። 12 ብር ተበላሁ። አልነበረኝም፣ ሰዓቱን መያዣ ሰጠሁ። የያዘብኝ ልጅ በሳምንቱ መተማ ወረደ ተባለ። ጠዋት ከነልብሴ የዘለልኩት ለበረከት አይደለም። የማወራው እውነት እንዲመስል ነው።

ይህን ብቻ ቢሆን ድሮ እነግርዎት ነበር። ያቃተኝ ጭቃው ነው። መዋኛው የሚሞላው በዓመት አንዴ ከቀሃ ወንዝ እየተሳበ ነው፣ ከበዓሉ በኋላ ይለቀቃል። በተለቀቀ ማግስት "ና" በሚል ዓይን አይተውኝ ወጡ፣ ተከተልኩ። ዘበኛውን አስፈቀዱ። ጫማዎን አውልቀው ካልሲዎን ውስጡ አጣጥፈው አስቀመጡ፣ ያችን የተተኮሰች የመምህርነት ሱሪ እስከ ጉልበትዎ ጠቀለሉና ገቡ። እግርዎን እንደዚያ ተገልጦ አይቼው አላውቅም ነበር። ጎንበስ ብለው ጭቃውን በጣትዎ እንደ ጤፍ ያበጥሩት ጀመር። ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው፣ መስመር ይዘው። እኔ የዋርካው ሥር ግንቡን የጨመደደበት ዳር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ቁልፍ አገኙ። ሦስት ሳንቲም፣ አንድ የሕፃን ጫማ። ሳንቲሞቹን አጥበው ለዘበኛው ሰጡት፣ ጫማዋን ሰው ያገኛታል ብለው ግንቡ ላይ አስቀመጡ። ፀሐይ ስትከር ወጡ። እኔ "አባባ ውጡ፣ እዚያ የለም" ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰዓት አልገዙም። ክፍል ውስጥ ተማሪ ይጠይቁ ነበር፣ "ማነህ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" እያሉ።

ያውቁ ነበር? እሱን ነው መጠየቅ የፈለግኩት። ዝም ያሉኝ ሰዓቱን ስለጣልኩ ነው ወይስ መዋሸቴን ስላወቁ? ጭቃ ውስጥ ሲገቡስ ሰዓቱን ሊፈልጉ ነው ወይስ እኔ አፌን እስክከፍት ሊጠብቁኝ? ይህን 33 ዓመት እንደ ጠጠር ይዤው ነው የኖርኩት።

ለልጁ ያን ማታ ነገርኩት። ሰዓቱን፣ ካርታውን፣ ጭቃውን። አልሳቀም። "አያቴ ብርድ አልመታቸውም?" ነው ያለው። አሁን ባለ ቁልፍ ትንሿን ስልክ ይዟል። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ልጅ ሒሳብ እያስጠና በወር 400 ብር ያገኛል፣ እሷን ለእኔ ያስረክባል። 14 ሺውን በዚህ አካሄድ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ሊፈጅበት ነው። እናቱ ሁለት ወር ይበቃዋል ትላለች፣ እኔ እስከ ሰኔ ብያለሁ። ገና አልተስማማንም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጃንጥላ ጥሎ መጣ። ጮህኩበት። መጮሄ ደስ አለኝ።

ለጥምቀት ሁለታችን እንመጣለን። መንገዱን እንደሚያውቁት ነው፣ በአውሮፕላን ነው የምንመጣው፤ አዘዞ ድረስ ሰው መላክ አያስፈልግም። ቀጠሮዎን እቴቴ ለጥር 18 አስይዛለች፣ አብሬዎት እገባለሁ። ከዚያ በፊት ግን መልስዎን ለእኔው ይንገሩኝ፣ በእቴቴ በኩል አይላኩት። ይቆጡኝ ከፈለጉ። ቢሰድቡኝም ይሁን።

በርበሬ አታስፈጩ፣ ያለፈው አላለቀም።

ልጁ መዋኛው ውስጥ ካልዘለልኩ ብሎ ከወዲሁ አብዷል። እጁ ላይ ምንም አላሰርኩለትም።

ልጅዎ