እናቴን ከጫካ ላወጣችሁልኝ ሁሉ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ ደህና ናት። እግሯ አብጧል፣ ፊቷንም ቢምቢ በልቷታል፣ ሌላ ግን ምንም አልሆነችም። ለደወላችሁ ሁሉ በየተራ መመለስ ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፍ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ የሙቀቱን ወራት አማቴ ዳቻ (ከከተማ ውጭ ያለች የጓሮ እርሻ ያላት ቤቷ) ነበርን፣ ከሞስኮ 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ አሌክሳንድሮቭ አካባቢ። ራሽያ የኖረ ያውቀዋል፤ በሶቪየት ጊዜ ለሠራተኛ የታደለችው 600 ካሬ ሜትር፣ የእንጨት ቤት፣ ድንች፣ የላስቲክ ቤት ውስጥ ኪያር፣ ከጓሮ ባንያ (የእንፋሎት መታጠቢያ)። ሁለቱ እናቶች የጋራ ቋንቋ የላቸውም፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አብረው ሲኮተኩቱ ይውላሉ።

ነሐሴ ላይ እንጉዳይ ለቀማ ወጡ። እዚያ ጫካ አንገትህን ደፍተህ ስትለቅም ቆይተህ ቀና ስትል ጥዱም በርች የሚባለው ዛፍም አንድ ዓይነት ነው፣ የመጣህበት ይጠፋሃል፤ የአገሩ ሰው ራሱ በየዓመቱ ይጠፋል። አማቴ ብትጣራ ብትጣራ መልስ የለም። የእናቴ ስልክ ደግሞ ቤት ቀርቷል።

የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ደወልን። ሲመሻሽ የሊዛ አለርት በጎ ፈቃደኞች ደረሱ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጠፋ ሰው የሚፈልጉ ናቸው፤ ከሥራ ወጥተው፣ በራሳቸው መኪና፣ በራሳቸው ቤንዚን። ካርታውን ኮፈኖ ላይ ዘርግተው ጫካውን ተከፋፈሉት። አስተባባሪዋ ልጅ እናቴ ሩሲያኛ እንደማትሰማ ስነግራት ወዲያው ስልኳን አውጥታ ድምፄን ቀረጸች። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። ካለሽበት አትንቀሳቀሺ። የሚጠሩሽ ሰዎች የኛ ናቸው፣ ሳትፈሪ መልሺላቸው» አልኩ። እንባ እየተናነቀኝ አልወጣ ሲል በትዕግሥት ደግማ ቀረጸችኝ። ያንን በድምፅ ማጉያ ይለቁታል፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፣ እንደገና ይለቁታል። ሌሊቱን እንዲህ አደሩ። ሊነጋጋ ሲል ከረግረጉ ማዶ «አቤት! አቤት ልጄ!» የሚል ድምፅ ሰሙ።

እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አይቀበሉም። ለምኜ ነበር፣ እምቢ አሉ። ስለዚህ በአደባባይ አመሰግናችኋለሁ። እናንተ ባትኖሩ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው።

አሮጌ ኒቫ መኪናውን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ጥሩምባ እየነፋ በጫካው መንገድ ሲመላለስ ያደረው ጎረቤታችን፣ ዕድሜ ይስጥህ። አማቴን አቅፈው ያደሩ የሰፈሩ ሴቶች፣ በመጀመሪያው ባቡር ከሞስኮ የደረሳችሁልኝ የአገሬ ልጆች፣ ውለታችሁን አልረሳም። አማቴ ሆይ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እያልሽ አትጨነቂ፤ እናቴ «እህቴን አደራ» ብላኛለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችን ቡና ይፈላል። እናቴ ድፎ ዳቦ ካልደፋሁ ብላለች። ከሞስኮ የምትመጡ ከያሮስላቭስኪ ጣቢያ ተሳፈሩ፣ አሌክሳንድሮቭ ስትደርሱ በመኪና እቀበላችኋለሁ። ጃኬት ያዙ፣ ማታ ይበርዳል።